ያልተፈረመባቸው አርባ ላፕቶፖች

እሑድ ጠዋት፣ ሦስት ሰዓት ትንሽ እንዳለፈ፣ ናናይ ፔርፔትዋ ጉምባን የኢሎኢሎ ከተማን የላ ፓዝ ሰፈር ፖሊስ ጣቢያ በር በትከሻቸው ገፍተው ገቡ። ሰባ ዓመት ሞልቷቸዋል፤ ሰፈሩ «ናናይ»፣ እማማ፣ ይላቸዋል፤ ተራ ይያዙ ሲባሉ አልሰሙም። የያዙት የወረቀት ከረጢት ይንጫጫል። በቀጥታ ወደ ኢንስፔክተር ሚንዳ ዲግናዲሴ ጠረጴዛ ሄዱና ከረጢቱን ከመዝገቦቹ መሐል አኖሩት። አንዲት ቢጫ ጫጩት ከውስጡ አንገቷን አወጣች።

«ይቺን የልጄ ሣጥን ላይ እንዳላኖር ተከለከልኩ» አሉ። «በገዛ ቤቴ! በገዛ ልጄ ሬሳ ላይ!»

«ናናይ፣ መጀመሪያ ይቀመጡ» አለች ሚንዳ። «ጫጩት የምትቀመጠው እኮ ለተገደለ ሰው ነው። የገዳዩን ኅሊና እየጫረች እንድታስጨንቀው።»

«እኔስ ምን አልኩ?»

የኢሎኢሎ ሰው ሲቆጣ እንኳ ልጅ የሚያባብል ይመስላል እያሉ የሌላ ደሴት ሰዎች ይቀልዱብናል። የዚያን ቀን ጠዋት በጣቢያው ውስጥ የቀለደ አልነበረም።

ሚንዳ ሃምሳ ሁለት ዓመቷ ነው። ወፍራም፣ ዝግተኛ፣ መነጽሯን በክር አንገቷ ላይ አንጠልጥላ የምትዞር ሴት ናት። ባልደረቦቿ ሲያሟት «ሚንዳ መጠየቅ ከጀመረች ምሳ የለም» ይላሉ። ዝግታዋን ከስንፍና የቆጠሩ ግን ኋላ ሲጸጸቱ ታይተዋል።

ነገሩን በወሬ ታውቀዋለች። የናናይ ልጅ ኤሊሴዮ ያገለገሉ ላፕቶፖች ታድሰው በሚሸጡበት ሱቅ ውስጥ ባለሙያ ነበር። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በሱቁ የጓሮ ክፍል ሞቶ ተገኘ። አንድ ባትሪ ተቃጥሎ ክፍሉን በጭስ ሞልቶታል፤ አጠገቡ በነበረ ላፕቶፕ ላይ ደግሞ በስሙ የተጻፈ ደብዳቤ አለ። ሳጅን ባልታዛር ቦታው ድረስ ሄዶ፣ ግማሽ ሰዓት እንኳ ሳይቆይ፣ «በራሱ ቸልተኝነት የደረሰ አደጋ» ብሎ ሪፖርቱን ጻፈ። የቀረው የሚንዳ ፊርማ ብቻ ነው።

«ነገ አራት ሰዓት ላይ ይቀበራል» አሉ ናናይ። «የድሃ ልጆች ላፕቶፕ ላይ መጥፎ ባትሪ የገጠመ አጭበርባሪ ተብሎ ይቀበራል። ለቅሶ ልትደርስ የመጣች ጎረቤቴ በሬ ላይ ቆማ ስትንሾካሾክ በጆሮዬ ሰማኋት! ኤሊ እኮ የሰው ዕቃ ሳይጨርስ እንቅልፍ የማይወስደው ልጅ ነበር። ያን ወረቀት እንዳለ ከፈረምሽው ልጄን ዳግመኛ ገደላችሁት ማለት ነው። ከተቀበረ በኋላ ማን ይሰማኛል?»

«ጫጩቷን ማን ከለከለዎት?»

«ቪርጂሊዮ ነዋ፣ የሱቁ ባለቤት። ሣጥኑን የገዛው እሱ ነው። ‹አደጋ ነው፣ ናናይ፣ ሰው አያስቀይሙ› አለኝ።»

ሚንዳ ለመፈረም ያነሳችውን ብዕር ክዳኑን ገጥማ አስቀመጠችው።

«ለጫጩቷ ውሃ ይስጧት» አለች። «ዘጠኝ ሰዓት ላይ ቤትዎ እመጣለሁ። የሱቁን ሰዎች ሁሉ እዚያ እፈልጋቸዋለሁ።»

ሱቁ ከገበያው ጀርባ ነው። የጃፓን መሥሪያ ቤቶች ያስወገዷቸው ላፕቶፖች በኮንቴይነር ይመጡለታል። ኤሊሴዮ አንድ በአንድ እየከፈተ አቧራቸውን ያራግፋል፣ የማቀዝቀዣቸውን ቅባት ይለውጣል፣ የደከመውን ሃርድ ዲስክ በፈጣን ይተካል፣ ብዙ አቅም የማይበላ ቀላል ሲስተም ይጭንባቸዋል፣ ኢንተርኔት በሌለበት የሚሠራ መዝገበ ቃላትና የሒሳብ መልመጃ ይጨምርባቸዋል። ከእጁ የወጣ የአሥር ዓመት ላፕቶፕ አዲስ ከተገዛ ርካሽ ዕቃ ይሻላል እየተባለ ከሩቅ ከተማ ሰው ይመጣ ነበር። ምስጋናውን የሚቀበለው ግን ፊት ለፊት ወንበር ላይ የሚቀመጠው፣ ሰፈሩ ሁሉ እንደ ታላቅ ወንድም «ማኖንግ ቪርጂ» የሚለው ባለቤቱ ነው። በጨው ደንደስ በርበሬ ተወደስ ማለት ይኸው ነው።

ሳጅን ባልታዛር የጓሮውን ክፍል ከፈተ። መስኮት የለውም። የተቃጠለ ፕላስቲክ ሽታ አፍንጫ ይቆርጣል። በግድግዳው በኩል «ጊማራስ» ተብሎ የተጻፈባቸው አርባ ካርቶኖች ተደርድረዋል። በጊማራስ ደሴት ያለ የአንድ ትምህርት ቤት ወላጆች ለልጆቻቸው የገዟቸው ናቸው።

«እዚህ ነው የወደቀው» አለ ባልታዛር። «ያበጠ ባትሪ ሲያወጣ ነደደበት። ጭሱ አዞረውና ጭንቅላቱን የጠረጴዛው ጠርዝ መታው። አለቀ።»

«ሐኪሙስ ምን አለ?»

«ሳንባው ጭስ ሞልቶታል፣ የገደለው ጭሱ ነው አለ።»

«እንግዲያው ከወደቀ በኋላ ይተነፍስ ነበር።»

«እ… አዎ።»

የተቃጠለው ባትሪ ጓሮ ተጥሎ ነበር። ሚንዳ በወረቀት ይዛ አገላበጠችው። ጥቁር ከሰል ሆኗል፤ መሐሉ ላይ ግን ክብ፣ ጠባብ፣ ቀጥ ብሎ የገባ ቀዳዳ አለው። ምንም ሳትል ከረጢት ውስጥ ከተተችውና ወደ ላፕቶፑ ተመለሰች። ላፕቶፑ ጥላሸት ለብሶ፣ ኃይል ላይ እንደተሰካ፣ ይሠራ ነበር። ደብዳቤው ሙሉ አንድ ገጽ ነው። «በአርባዎቹ ላፕቶፖች ላይ አሮጌ ባትሪ አዲስ አስመስዬ የገጠምኩት እኔ ነኝ፤ ማኖንግ ቪርጂ የሚያውቀው ነገር የለም» ብሎ ይጀምራል። ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ ይቅርታ ነው።

«ደብዳቤው የተቀመጠው ዘጠኝ ከአርባ ላይ ነው» አለ ባልታዛር። «ሩፊኖ፣ ሌላው ባለሙያ፣ በሩን የከፈተው አሥር ሰዓት ላይ። ስለዚህ የሞተው በእነዚያ ሃያ ደቂቃዎች ውስጥ ነው።»

ሚንዳ መነጽሯን አድርጋ አጎነበሰች። ከስክሪኑ ጥግ ያለውን ሰዓት አየች። የእጅ ሰዓቷን አየች። እንደገና ስክሪኑን አየች።

«ከትናንት ወዲህ ይህን የነካ አለ?»

«ማንም። ኢንተርኔትም የለውም። ክፍሉን ቆልፌ ነው የሄድኩት።»

«ጎበዝ። ከትናንት ጀምሮ የሠራኸው ደህና ነገር ይህ ብቻ ነው።»

የሱቁ ቁልፍ ከሟቹ ሌላ ያለው ሦስት ሰው ጋ ነው። ባለቤቱ፣ ሻጯ ጁቪሊን እና ሩፊኖ። ሩፊኖ ደጅ ቆሞ ነበር፤ ዓይኑ አብጧል።

«እንዴት እንዳገኘኸው ንገረኝ» አለችው።

«ቅዳሜ ቅዳሜ ከስድስት እስከ አሥር እንዘጋለን፤ ኤሊ ብቻ ይቀራል፣ ዝምታውን ይወዳል። አሥር ላይ ልከፍት መጣሁ። የጓሮውን በር ስከፍት ያ ሽታ ወጣ። ባትሪው ጠረጴዛው ላይ ነበር፤ አንስቼ ወደ ጓሮ ወረወርኩት። ከዚያ እሱን ሳየው…»

«በምን አነሳኸው?»

«በእጄ።»

«እስቲ መዳፍህን።»

ሩፊኖ ግራ ተጋብቶ ሁለት እጁን ዘረጋ። ጭረት እንኳ የለበትም።

«ዓርብ ከኤሊሴዮ ጋር ስትጯጯሁ ተሰምቷል።»

«ተጯጩኸናል። የጊማራስን ዕቃ ደህና ነው ብዬ አልፈርምም አለ። ያለ ኤሊ ፊርማ ዕቃ ከዚህ ሱቅ አይወጣም፤ ደንበኛው ራሱ ‹ኤሊ ፈርሞበታል ወይ?› ነው የሚለው። ባትሪዎቹ ሙት ናቸው፤ አዲስ ላስቲክ አልብሰዋቸው ነው። ‹ሕፃን ልጅ ጭኑ ላይ አድርጎ የሚማርበትን!› ብሎ ጮኸብኝ። እኔ ደግሞ ‹ፈርምና ገላግለን› አልኩት። እሱ ልክ ነበር። ፈሪው እኔ ነበርኩ።»

«የሚፈርመው የት ነው?»

«ውስጥ ነው፣ ከባትሪው ሥር። ዕቃውን ቢያሳልፈውም ባያሳልፈውም የወረቀት ፕላስተር ለጥፎ የባትሪውን ጤንነትና ስሙን ይጽፋል። ‹ውጭ የጻፍከውን ነጋዴ ይልጠዋል› ይል ነበር።»

«አንድ ላፕቶፕ ሲያዘጋጅ መጨረሻ ላይ የሚያደርገውስ?»

«ሰዓትና ቀን ማስተካከል። ‹ሰዓቱን ካስተካከልኩ ዕቃው ከእጄ ወጣ› ይላል።»

«ትናንት የት ነበርክ?»

«ከሰባት እስከ ዘጠኝ የሰፈሩን ቅርጫት ኳስ ስዳኝ ነበር። ግማሹ ሰፈር ሲሰድበኝ ስለነበረ ምስክር አላጣም። ከዘጠኝ በኋላ ቤቴ ተኛሁ። ብቻዬን ነኝ፤ ማንም አላየኝም።»

ጁቪሊንን ቤቷ ውስጥ፣ ቀለበት በመሰለ መብራት ፊት ተቀምጣ አገኟት። አፏ ፈጣን ነው።

«ኢንስፔክተር፣ እኔ ትናንት ከስምንት እስከ ዘጠኝ ከሩብ በፌስቡክ በቀጥታ ስሸጥ ነበር! ሁለት መቶ ሰው አይቶኛል፣ ግማሹ ደግሞ ‹በነፃ ስጪን› ሲለኝ ነበር። ከዚያ ፊቴን ታጥቤ ጋደም አልኩ።»

«አሮጌዎቹን ባትሪዎች ያዘዝሽው አንቺ ነሽ?»

«እኔ? እኔ ያዘዝኩት ደህናውን ነው! ማኖንግ ቪርጂ ራሱ ደውሎ ሰረዘው። ‹ርካሽ አግኝቻለሁ፣ እኔ አመጣለሁ› አለ።»

«ለማን ተናገርሽ?»

ጁቪሊን መብራቱን አጠፋች። «ሁለት ልጆች አሉኝ» አለች።

«ጊማራስም ልጆች አሉ» አለች ሚንዳ፤ ወንበሯን ገፍታ ተነሳች።

ይህን ስጽፍ አሁንም ደሜ ይፈላል። አንድ ሱቅ፣ አራት ሰው፤ አራቱም ያውቃሉ፣ የተናገረው አንዱ ብቻ ነው። እሱም ሞተ።

ቪርጂሊዮ ካታልባስ ኢንስፔክተሯን በረንዳው ላይ ተቀበላት። ሩዝ ኬክ አቀረበ፤ ማራገቢያ አበራ፤ ሁለት ጊዜ ዓይኑን ጠረገ።

«ኤሊ እንደ ወንድሜ ነበር» አለ። «ደብዳቤውን ስሰማ ልቤ ተሰበረ። እንዲህ ያለ ነገር ከጀርባዬ! ቢሆንም ሣጥኑን እኔ ገዛሁ።»

«ትናንት የት ነበሩ፣ ማኖንግ?»

«የጓደኛዬን ልጅ ክርስትና አነሳሁ። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ተጀመረ፤ ዘጠኝ ከአርባ ላይ ሕፃኑ እጄ ላይ ነበር። ቄሱን ይጠይቁ! ይኸው ፎቶው።»

ሚንዳ ስልኩን ተቀብላ ፎቶውን አሰፋችው። ቄሱ፣ ሕፃኑ፣ ወላጆቹ፣ እና ቪርጂሊዮ በሰማያዊ ሸሚዝ። የሸሚዙ ደረት ላይ ከማሸጊያው የወጣ አዲስ ልብስ የሚኖረው የእጥፋት መስመር ይታያል።

«የሚያምር ሸሚዝ ነው።»

«እሱን አታንሺብኝ!» አለች ሚስቱ ከኩሽና፤ ከትናንት ጀምሮ የታመቀባት ነገር ነበር። «የአባቱን ባሮንግ፣ የአናናስ ክሩን ነጭ ሸሚዝ፣ በስስ ሙቀት አንድ ሰዓት ሙሉ ተኩሼለት ለብሶት ወጣ። ሰባት ተኩል ላይ! ፎቶው ሲለጠፍ ግን ያን የገበያ ሸሚዝ ለብሶ አየሁት!»

«ወጥ ፈሰሰብኝ አልኩሽ!» አለ ቪርጂሊዮ፤ ሳቀ። ሳቁ ግን ከጥርሱ አላለፈም።

ሚንዳ ሩዝ ኬኩን ሳትነካ ወጣች። ደረጃው ሥር ስትደርስ ባልታዛርን ክንዱን ያዘችው።

«ከሱቁ እስከ ቤተ ክርስቲያኑ ያለውን መንገድ በእግርህ ሂድ። ልብስ የሚያጥብ ቤት ሁሉ ግባ። በሁለት ሰዓት ውስጥ ባዶ እጅህን ብትመጣ፣ ሪፖርት መጻፍ ከዛሬ ጀምሮ ለሌላ ሰው ይሰጣል።»

ዘጠኝ ሰዓት ላይ የናናይ ፔርፔትዋ ቤት ሞልቶ ነበር። ሣጥኑ ሳሎን መሐል ነው። ደጅ ያሉት ለቀስተኞች፣ እንደ አገሩ የለቅሶ ልማድ፣ ካርታ እየተጫወቱ ብስኩት ይበላሉ፤ ድምፃቸውን ዝቅ ያደርጋሉ፣ የኤሊሴዮን ስም ሲያነሱ ደግሞ ይበልጥ ዝቅ ያደርጋሉ። ቪርጂሊዮ ፊት ወንበር ላይ ተቀምጧል። ሩፊኖ ግድግዳ ተደግፏል። ጁቪሊን መሀረቧን ትጨምቃለች።

«ናናይ፣ ጫጩቷን ያኑሯት» አለች ሚንዳ።

ቪርጂሊዮ ከወንበሩ ተነሳ። «ኢንስፔክተር፣ አደጋ ነው ተብሎ ተጽፎ የለም እንዴ? የሰው ስሜት…»

«ተጽፏል እንጂ አልተፈረመም። ይቀመጡ፣ ማኖንግ።»

ናናይ ጫጩቷን በሣጥኑ ክዳን መስተዋት ላይ፣ ከልጃቸው ፊት በላይ አኖሯት። የካርታው ጨዋታ ቆመ።

«ከደብዳቤው እንጀምር» አለች ሚንዳ። «ደብዳቤው ባትሪዎቹን የገጠመው ኤሊሴዮ ነው ይላል። ሩፊኖ፣ አርባውን ካርቶን ጥግ ላይ አስደርድሬያለሁ፤ ሦስቱን አውጥተህ ክፈታቸው።»

ሩፊኖ ካቻቪቴውን አወጣ። የመጀመሪያውን ገልብጦ ክዳኑን አነሳ፣ ባትሪውን አወጣ። ከሥሩ የወረቀት ፕላስተር ተለጥፏል። አየውና ላፕቶፑን ለጁቪሊን ሰጣት።

«‹ባትሪ ሠላሳ አንድ በመቶ። ለልጅ አይሰጥም። ኤ. ጉምባን›» ብላ አነበበች።

ሁለተኛውም እንደዚያው። ሦስተኛውም።

«ጠዋት ሌሎቹንም አስከፍቻለሁ፤ አርባውም እንዲሁ ናቸው» አለች ሚንዳ። «አርባ ጊዜ ‹አይሰጥም› ብሎ የጻፈ ሰው ‹የገጠምኩት እኔ ነኝ› ብሎ አይጽፍም። ደብዳቤውን የጻፈው ሌላ ሰው ነው። የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ! ይህ ሰው ኤሊሴዮ የት እንደሚፈርም እንኳ አያውቅም፤ ቢያውቅ ፕላስተሮቹን ይልጣቸው ነበር። ማለት፣ አንድም ቀን ላፕቶፕ ከፍቶ አያውቅም።»

ጥቂት ሰዎች ወደ ቪርጂሊዮ ዞሩ። እሱ ግን ፈገግ አለ።

«እኔ ነጋዴ ነኝ እንጂ ጠጋኝ አይደለሁም። ደብዳቤው የተጻፈው ዘጠኝ ከአርባ ነው፤ ያኔ መቶ ሰው ፊት ሕፃን ታቅፌ ነበር። ከእነዚህ ከሁለቱ አንዱን ጠይቁ፤ በዚያ ሰዓት ሁለቱም ብቻቸውን ነበሩ!»

«ልክ ነው» አለች ሚንዳ። «ባልታዛር፣ ሰዓትህ ስንት ይላል?»

«ዘጠኝ ከአሥራ ሁለት።»

ከቦርሳዋ ጥላሸት የለበሰውን ላፕቶፕ አውጥታ ሰካችና ስክሪኑን ወደ ሰዎቹ አዞረችው። «ይህስ?»

«አሥር… አሥር ከአሥራ ሁለት» አለ ባልታዛር፤ ጆሮው ድረስ ቀላ።

«የቶኪዮ ሰዓት!» አለ ሩፊኖ፤ ግንባሩን በመዳፉ መታ። «የጃፓን ዕቃ እኮ ነው! ጃፓን በአንድ ሰዓት ይቀድመናል፤ ሁሉም እንዲያ ሆነው ነው የሚመጡት!»

«ሰዓቱን የሚያስተካክለው መጨረሻ ላይ ነው ብለኸኛል። ይህን ላፕቶፕ ሳይጨርሰው ሞተ። ስለዚህ ስክሪኑ ላይ ዘጠኝ ከአርባ ሲል፣ እዚህ ላ ፓዝ ውስጥ ስምንት ከአርባ ነበር። ባትሪውም ይመሰክራል። የነደደ ባትሪ በሃያ ደቂቃ አይበርድም፤ ሩፊኖ ግን በባዶ እጁ አነሳው፣ መዳፉ ላይም አንድ ቃጠሎ የለም። የነደደው በሩ ከመከፈቱ ከአንድ ሰዓት በላይ ቀድሞ ነው።» ቀስ ብላ መነጽሯን ጠረገች። «ስምንት ከአርባ ላይ ሩፊኖ ግማሹ ሰፈር እየሰደበው ኳስ ይዳኝ ነበር። ጁቪሊን ሁለት መቶ ሰው ፊት ትሸጥ ነበር። ማኖንግ፣ እርስዎ ከቤት የወጡት ሰባት ተኩል ነው፤ ቤተ ክርስቲያን የታዩት ዘጠኝ ሰዓት። አንድ ሰዓት ተኩል የት ነበሩ?»

«መንገድ… መንገድ ዘግቶብኝ…»

«ባልታዛር!»

ሳጅኑ የላስቲክ ከረጢት ከፈተ። ስስ ነጭ ባሮንግ አወጣ፤ የቀኝ እጅጌው በጥላሸት ጠቁሯል። የተቃጠለ ባትሪ ሽታ ሳሎኑን ሞላው።

«ከቤተ ክርስቲያኑ ጥግ ካለ የልብስ እጥበት ቤት ነው» አለ። «ስምንት ከሃምሳ ሁለት ላይ የተሰጠ፣ በማኖንግ ቪርጂ ስም። ባለቤቷ ‹የአናናስ ክር ማሽን ውስጥ አይገባም፣ ሰኞ እህቴ በእጇ ታጥበዋለች› ብላ ሰቅላ አቆይታዋለች። ሰማያዊውን ሸሚዝ የገዛው ከጎኗ ካለው ሱቅ ነው።»

«መጣል ይችሉ ነበር» አለች ሚንዳ።

ቪርጂሊዮ ባሮንጉን ያይ ነበር። «የአባቴ ነው» አለ በቀጭን ድምፅ። ከዚያ ከአፉ ያመለጠው ነገር ገባውና ፊቱ አመድ መሰለ። «አልገደልኩትም! ገፈተርኩት ብቻ! ሰኞ የጊማራስን ወላጆች ሰብስቦ ሊነግርብኝ ነበር። ለመንኩት፣ እምቢ አለኝ፣ ገፈተርኩት፣ ጠርዙ መታው። የሞተ መሰለኝ!»

ሚንዳ ተነስታ ፊቱ ቆመች። እርስዎ ማለቷን እዚያ ላይ ተወች።

«የሞተ ከመሰለህ ያበጠ ባትሪ በካቻቪቴ መውጋት ለምን አስፈለገህ? ቀዳዳውን አይቼዋለሁ። ኤሊሴዮ ባትሪ የሚፈነቅለው በፕላስቲክ መሣሪያ ብቻ ነበር፤ ብረት አያስጠጋበትም። አንተ እንዲነድ ወግተህ፣ በሩን ዘግተህ ሄድክ። እሱ ጭሱን የሳበው ከዚያ በኋላ ነው። ያን ደብዳቤ ስትጽፍ ከእግርህ ሥር ወድቆ ይተነፍስ ነበር፣ ቪርጂሊዮ! አንድ ገጽ ሙሉ ለመጻፍ ጊዜ ነበረህ። አንድ ስልክ ለመደወል ግን ጊዜ አላገኘህም። ከዚያ ሄደህ ሕፃን ታቀፍክ።»

ከደጅ አንዲት ሴት «ዓይን አውጣ!» ብላ ጮኸች። ሩፊኖ ከግድግዳው ተነስቶ ሲንደረደር ሁለት ሰዎች ያዙት። ቪርጂሊዮ ሌላ ነገር ሊል ወደ ናናይ ዞረ፤ ናናይ ፊታቸውን ሳያዞሩ አዩት። ባልታዛር እጁን አሰረውና በሰዎቹ መሐል ይዞት ወጣ።

ሳሎኑ ውስጥ ማንም አልተቀመጠም። ሩፊኖ መሬት ላይ ተንበርክኮ ከቀሩት ላፕቶፖች ውስጥ ባትሪዎቹን በፕላስቲክ እየፈነቀለ ማውጣት ጀመረ። «ያለ ባትሪም ኃይል ላይ ተሰክተው ይሠራሉ» አለ፣ የጠየቀው ሳይኖር። «ደህና ባትሪ እስኪመጣ ድረስ ልጆቹ በዚያ ይማራሉ።»

«ወረቀቱስ?» አሉ ናናይ ፔርፔትዋ።

ሚንዳ የባልታዛርን ሪፖርት ከቦርሳዋ አውጥታ ለሁለት ቀደደችው። አዲስ ወረቀት ጉልበቷ ላይ ዘርግታ ጻፈች፣ ፈረመች።

«አንብቢልኝ።»

«ኤሊሴዮ ጉምባን፣ ሠላሳ አራት ዓመት፣ የላፕቶፕ ባለሙያ። ለተማሪዎች አደገኛ የሆኑ ባትሪዎችን አላሳልፍም በማለቱ በአሠሪው ተገደለ።»

«አልተሰማም» አሉ ናናይ።

«እዚህ ያለው ሁሉ ሰምቷል፣ ናናይ።»

«ደጅ ያሉት አልሰሙም! ከትናንት ጀምሮ በሬ ላይ ሲንሾካሾኩ የዋሉት አልሰሙም! ልጄን በሹክሹክታ ሌባ አደረጉት፤ እኔ በሹክሹክታ አልቀበልም። ውጪና አንብቢው!»

ሚንዳ ወረቀቱን ይዛ ደፉ ላይ ወጣች። መንገዱ ዳር ድረስ ሰው ቆሟል። ከፍ ባለ ድምፅ አነበበች። በር ላይ ስትንሾካሾክ የነበረችው ጎረቤት መሬት መሬት ታይ ጀመር።

«ድገሚው» አሉ ናናይ ከኋላዋ።

ደገመችው። የካርታ ተጫዋቾቹ ባርኔጣቸውን አወለቁ።

«ድገሚው!»

ኢንስፔክተር ሚንዳ አራተኛ ጊዜ ስታነብ ድምፅዋ ሻክሮ ነበር። ናናይ ፔርፔትዋ ግን በሩን በሁለት እጃቸው ይዘው እንደቆሙ ናቸው፤ ገና አልበቃቸውም።